ያልተጠራው ምስክር፤ በ«ኦቴሎ» ስለ ክፋት ምንጭና ስለ ተጠያቂነት

ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልዬት»ን፥ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ «ኦቴሎ»ን፥ «ማክቤዝ»ንና «ሐምሌት»ን ወደ አማርኛ ከመለሱልን ወዲህ ሼክስፒር ለአገራችን አንባቢ እንግዳ ደራሲ መሆኑ ቀርቷል። ከእነዚህ መካከል «ኦቴሎ» በተለይ ይቀርበናል። ባለታሪኩ በነጮች አገር በጀግንነቱ ተከብሮ የሚኖር አፍሪቃዊ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ የወደቀበት ጕድጓድ፥ ማለት ቅናትና የሰው ወሬ፥ በየቤታችን ደጃፍ ያለ ጕድጓድ ስለ ሆነ ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን አንድ ክርክር ነው። እዚሁ ሐዋሳ፥ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ፥ ጥቂት ተማሪዎች ተሰብስበን የአማርኛውን ትርጉም ከእንግሊዝኛው ጋር እያስተያየን ስናነብ ከመጨረሻው ገቢር ደረስን። ኦቴሎ ሚስቱን በአልጋዋ ላይ አፍኖ ገደላት። ከመካከላችን አንዱ መጽሐፉን አጠፈና «ምን ያድርግ፥ ሰይጣን አሳሳተው» አለ። አንዲት ጓደኛችን ግን በዚህ አነጋገር ፈጽሞ አልተስማማችም። «ይህ እኮ ሚስቱን የገደለ ሰው ሁሉ ዳኛ ፊትም ሽማግሌ ፊትም ቀርቦ የሚናገረው ቃል ነው። ሼክስፒር ለእንዲህ ያለው ሰው ጥብቅና ቆሞ ከሆነ ምኑን እናጠናዋለን?» አለች። መልስ ሳናገኝ ያን ዕለት ማታ ተለያየን። ከዚያ ወዲህ ድርሰቱን ደጋግመን ስንመረምር የደረስንበትን ሐሳብ ለመምህሮቻችንና ለጓደኞቻችን ትችት እነሆ እናቀርባለን።

ስለዚህ ድርሰት የጻፉት የእንግሊዝ ሐያስያን በሁለት ወገን የቆሙ ናቸው። አንደኛው ወገን ክፋቱን በኢያጎ ላይ ይጭናል። ኮልሪጅ የኢያጎ ክፋት ምክንያት የሌለው፥ ይልቁንም ራሱ ምክንያት ፍለጋ የሚዞር ክፋት ነው ሲል ጽፏል። ብራድሌይም እ.ኤ.አ. በ1904 ስለ ሼክስፒር ትራጀዲ ባሳተመው መጽሐፍ ኦቴሎ በተፈጥሮው ቀናተኛ ያልሆነ ታላቅ ሰው መሆኑን አጥብቆ ያስረዳል። ከዚህ በተቃራኒ የቆመው ሊቪስ ነው። ሊቪስ በ1937 ባወጣው ጽሑፍ፥ ኢያጎ ክብሪቱን ጫረ እንጂ ማገዶው በኦቴሎ ውስጥ ተከምሮ የቆየ ነው የሚል አሳብ ያቀርባል። ኤልየትም ከእርሱ 10 ዓመት ቀደም ብሎ፥ ኦቴሎ በመጨረሻው ንግግሩ ራሱን ከማጽናናት በቀር እውነቱን አልተጋፈጠም ብሎ ነበር።

ሁለቱም ወገኖች የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ ክፋቱ ያደረው በማን ልብ ውስጥ ነው? እኛ ግን ጥያቄው በዚህ መልክ ከቀረበ መቋጫ የሚያገኝ አይመስለንም። የሰው ልብ፥ ይልቁንም በወረቀት ላይ ያለ ሰው ልብ፥ ተከፍቶ አይታይም። ሊታይ የሚችለው ሥራው ነው። በዚህ ረገድ ቋንቋችን ጥሩ መንገድ ያመለክተናል። በሠራው ነገር ኀላፊ የሆነውን ሰው እኛ «ተጠያቂ» እንለዋለን፤ የሚጠየቅና የሚመልስ ማለት ነው። ጠያቂና ተጠያቂ ፊት ለፊት ቆመው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ በሚሟገቱበት በቀድሞው ችሎት ቃሉ በትክክል ሥራ ላይ ይውል ነበር። እንግዲህ «ኦቴሎ»ን በዚህ ቃል እንመልከተው፤ በዚህ ድርሰት ውስጥ ማን ተጠየቀ? ማንስ ሳይጠየቅ ተፈረደበት?

አስቀድመን ግን ሼክስፒር ታሪኩን ካገኘበት ምንጭ ላይ ምን እንደ ለወጠ ማየት ይገባል፤ የደራሲው ፍርድ ከሁሉ ይልቅ የሚገለጠው እዚህ ላይ ነውና። ታሪኩ የተወሰደው ኢጣልያዊው ጂራልዲ ቺንትዮ በ1565 (እ.ኤ.አ.) ካሳተመው የተረት መድበል ነው። በቺንትዮ ዘንድ የዓርማ ያዡ ክፋት ምንም ስውር ነገር የለበትም፤ የአለቃውን ሚስት ወደዳት፥ ፊት ነሣችው፥ ፍቅሩ ወደ ጥላቻ ተለወጠ። መሐረቡንም የሰረቀው እርሱ ራሱ ነው፤ ሴትዮዋ ትንሽ ልጁን ታቅፋ ስታጫውት ከወገቧ ላይ መነተፈ። ግድያውንም ሁለቱ ወንዶች ተማክረው አሸዋ በተሞላ የእግር ሹራብ ደብድበው ፈጸሙት፤ መቺው ዓርማ ያዡ ነበር። ከዚያም አደጋ እንዲመስል ጣራውን አፈረሱባት። ባልዬው በኋላ ተይዞ ቢሠቃይ እንኳ አላመነም፤ በግዞት ሳለ ዘመዶቿ ገደሉት።

ሼክስፒር ይህን ሁሉ ገለባበጠው። ከኢያጎ ላይ ግልጹን ምክንያት ወሰደበት። መሐረቡን አንሥታ የምትሰጠው የገዛ ሚስቱ ኤሚልያ እንድትሆን አደረገ። ግድያውን ደግሞ ከኢያጎ እጅ አውጥቶ በኦቴሎ እጅ ላይ ብቻ አኖረው፤ በዚያች ክፍል ውስጥ ከባልና ከሚስት በቀር ማንም የለም። ደራሲው ኦቴሎን ነጻ ሊያወጣው ቢፈልግ ኖሮ የቺንትዮ ታሪክ ይበልጥ ይመቸው ነበር። እርሱ ግን ክፋቱን ለብዙ ሰው ሲያካፍል ዱላውን ለአንድ ሰው ብቻ ሰጠ።

አሁን ወደ 1ኛው ገቢር 3ኛ ትዕይንት እንመለስ። ይህን ትዕይንት ብዙ አንባቢ እንደ መግቢያ ቈጥሮ ያልፈዋል፤ እኛ ግን የድርሰቱ ሁሉ ቍልፍ ያለው በዚህ ነው እንላለን። የዴዝዴሞና አባት ብራባንስዮ በሌሊት ወደ ቬኒስ ሸንጎ ይመጣና ኦቴሎ ልጄን በመተትና በመድኃኒት አታለለብኝ ብሎ ይከሳል። መስፍኑ ተከሳሹ ማን መሆኑን ሳያውቅ መጀመሪያ ጥፋተኛው በሕጉ ጽኑ ቅጣት እንዲቀጣ ቃል ይገባለታል። ኦቴሎ መሆኑ ሲታወቅ ግን «አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ክስ ማሰማት ማስረጃ ማቅረብ እንዳልሆነም ለከሳሹ ይነግረዋል። ኦቴሎ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሴትዮዋ ትጠራና በአባቷ ፊት ትናገር፥ በቃሏ ጥፋተኛ ሆኜ ከተገኘሁ ሹመቴን ብቻ ሳይሆን ሕይወቴንም ውሰዱ ይላል። ተጠራች፤ ቀረበች፤ ተናገረች። ነገሩ አለቀ።

በሲዳማ ባህል ሽማግሎች በሶንጎ ተቀምጠው ነገር ሲያዩ የሚከተሉት «አፊኒ» የሚባል ሥርዓት አለ፤ ቃሉ «ሰማችሁ ወይ?» እንደ ማለት ነው። ተናጋሪው ይህን ጠይቆ ይናገራል፥ ሌላውም ተራው ሲደርስ እንዲሁ፤ የሚፈለገው «ሐላሌ»፥ ማለት እውነቱ፥ እስኪገኝ ድረስ ወገኖቹ ሁሉ ይሰማሉ። የቬኒስ ሸንጎ ያን ሌሊት ያደረገው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። እርግጥ ነው፥ ሸንጎው ኦቴሎን የሰማው ከጽድቅ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የቱርክ መርከቦች ወደ ቆጵሮስ ሲገሠግሡ ከእርሱ የተሻለ የጦር አዛዥ አልነበራቸውም። የቱርክ ጦር ባይኖር ኖሮ ለዚያ ጥቁር ሰው ያን ያህል ጆሮ ይሰጡት ነበር ወይ? ይህን ጥያቄ ሼክስፒር ሳይመልሰው ትቶታል። የሆነ ሆኖ ኦቴሎ ትዳሩን ያገኘው ምስክር ስለ ተጠራለት ነው። ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ምስክሯን ለማምጣት የተላኩትን ሰዎች መንገድ እየመራ የሄደው ኢያጎ ነው። አንድ ምስክር ተጠርቶ በግልጽ ሲናገር ተንኰል እንዴት እንደሚፈርስ በዓይኑ አይቷል፤ በቆጵሮስ የሠራው ሥራ ሁሉ ያ ነገር ዳግመኛ እንዳይሆን ለማድረግ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ኢያጎስ? ስለ ክፋቱ ምክንያት ራሱ የሚዘረዝረው ብዙ ነው። ሹመቱን ለካስዮ ሰጡብኝ ይላል፤ ኦቴሎ ከሚስቴ ጋር ተኝቷል ይባላል ይላል፤ አለፍ ብሎም ካስዮን በዚሁ ይጠረጥራል። ከእነዚህ ሁሉ ግን እኛን ያስደነገጠን በዚያው በ1ኛው ገቢር መጨረሻ ብቻውን ቆሞ የሚናገረው ነው። የሚስቱን ነገር እውነት ይሁን አይሁን እንደማያውቅ በግልጽ ያምናል፤ ነገር ግን ጥርጣሬ ብቻውን ይበቃኛል፥ እርግጠኛ እንደ ሆንሁ አድርጌ እሠራለሁ ይላል። የዚህ ድርሰት የክፋት ምንጭ ይህ ነው ብለን እናምናለን፤ ምሥጢራዊ ነገር የለበትም። ኢያጎ በዚህ ድርሰት ውስጥ ሳይጠይቅ መፍረድን እንደ ሕግ ያቆመ ሰው ነው። በኦቴሎ ልብ ውስጥ የሚዘራውም ቅናትን ብቻ ሳይሆን ይህንኑ የአሠራር ልማድ ነው። ቅናት ያደረበት ሰው ሁሉ አይገድልም፤ ጥርጣሬውን እንደ እርግጥ ቈጥሮ የሚሠራ ግን አንድ ቀን መግደሉ አይቀርም።

ልማዱ ኦቴሎን የያዘው ገና ቅናት ሳይነካው መሆኑን በ2ኛው ገቢር እናያለን። በሌሊት ጠብ ይነሣል፤ ካስዮ ሰክሯል፥ ሞንታኖ ቆስሏል። ኦቴሎ መጥቶ በየተራ ይጠይቃል። ቁስለኛው አቅም የለውም፤ ካስዮ በኀፍረት አፉ ተዘግቷል፤ የተናገረው ኢያጎ ብቻ ነው። ኦቴሎ ቁጣው አእምሮውን መግዛት እንደ ጀመረ በገዛ አፉ ይናገራል፤ ሆኖም ሌሊቱ እስኪነጋ፥ ስካሩም እስኪበርድ ሳይጠብቅ ካስዮን እዚያው ይሽረዋል። ፍርዱ ስሕተት ነው ለማለት ይከብዳል፤ ካስዮ በእርግጥ አጥፍቷል። ግን በአንድ ሰው ቃል የተሰጠ ፍርድ ነው፤ ለሚቀጥለውም መንገድ ከፍቷል።

በ3ኛው ገቢር 3ኛ ትዕይንት ኦቴሎ መጀመሪያ የተናገረው እንደ ጥሩ ዳኛ ነው፤ ሳላይ አልጠራጠርም፥ ከተጠራጠርሁም አረጋግጣለሁ ይላል። ከዚያ በኋላ የቀረበለት ማስረጃ ምንድር ነው? አንዱ ካስዮ በእንቅልፉ ተናገረው የተባለ ሕልም ነው። ሁለተኛው መሐረብ ነው፤ እርሱንም ኢያጎ ካስዮ ጢሙን ሲጠርግበት አየሁ አለ እንጂ ኦቴሎ አላየውም። በዚሁ ትዕይንት መጨረሻ ሁለቱ ተንበርክከው ይማማላሉ፤ ካስዮ በ3 ቀን ውስጥ እንዲገደል ይታዘዛል። ከሳሽ ምስክር ሆነ፥ ምስክሩ ፈጻሚ ሆነ፤ ተከሳሾቹ ግን መከሰሳቸውን እንኳ አያውቁም።

የመሐረቡ ነገር በአገራችን ቀድሞ የነበረውን ሌባ ሻይ ያስታውሰናል። ንብረት ሲጠፋ ለአንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ያጠጡትና ወገቡን አሥረው ይከተሉት ነበር፤ ልጁ እየተንገዳገደ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ባለቤቱ የሚለው ነገር ቢኖርም የሚሰማው የለም፤ ማስረጃው ልጁ ነውና። መሐረቡም እንደዚያ ልጅ ነው። ከዴዝዴሞና እጅ ወድቆ ከኤሚልያ ወደ ኢያጎ፥ ከኢያጎ ወደ ካስዮ ክፍል፥ ከካስዮ ወደ ቢያንካ እየተንገዳገደ ሲዞር ኦቴሎ ይከተለዋል፤ የገባበትን ቤት ሁሉ ይኰንናል። መሐረቡን ግን ማን እዚያ እንዳደረሰው ካስዮን ቢጠይቀው ኖሮ ነገሩ በ2 ደቂቃ ባለቀ ነበር፤ በድርሰቱ መጨረሻም እንዲሁ አለቀ።

በ4ኛው ገቢር ኢያጎ ይህን ልማድ ወደ መጨረሻው ደረጃ ያደርሰዋል። ኦቴሎን ከካስዮ ራቅ አድርጎ ያቆመውና ሁኔታውን ተመልከት ይለዋል። ካስዮ ስለ ቢያንካ እየተናገረ ይስቃል፤ ኦቴሎ ሳቁን ስለ ሚስቱ ነው ብሎ ይቈጥረዋል። ኦቴሎ የዓይን ማስረጃ አምጣ ብሎ ነበር፤ ይኸው የዓይን ማስረጃ አገኘ፤ ጆሮውን ግን ትቶታል። ወደ ቤቱ ገብቶ ኤሚልያን ሲጠይቃት ነፍሷን አስይዛ እመቤቷ ንጹሕ መሆኗን ትመሰክራለች፤ ምስክርነቷን ከንቱ አድርጎ ይጥለዋል። ዴዝዴሞናንም ይጠይቃታል ይባል እንደ ሆነ፥ እርሱ የሚያደርገው መጠየቅ ሳይሆን መስደብ ነው። ምን አጠፋሁ ብላ ስትጠይቀው የሰውየውን ስም እንኳ አይነግራትም።

ስሙን የምትሰማው በ5ኛው ገቢር፥ በአልጋዋ ላይ፥ ሞቷ ከተወሰነ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የተናገረችው ነገር እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናሳየው የፈለግነው ዋና ነገር ነው። መሐረቡን አልሰጠሁትም፤ ሰውየውን አስጠራና ጠይቀው ትላለች። በቬኒስ ሸንጎ ፊት ኦቴሎ ለራሱ የጠየቀው ይህንኑ ነበር፤ ምስክሩ ይጠራ! ለእርሱ ተጠርቶለታል። ለእርሷ ግን አፉ ተዘግቷል፥ ኢያጎ ነገሩን ጨርሶታል የሚል መልስ ተሰጣት። ግማሽ ሰዓት ለመነች፤ አልተሰጣትም። አንዲት ጸሎት እስካደርስ አለች፤ ያም አልተሰጣትም። ጓደኛችን «ምን ያድርግ?» ብሎ ለጠየቀው ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ያለ ይመስለናል። አንድ ሰው ልኮ ካስዮን ያስጠራ። ይህን ማድረግ እንዳለበት የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ በገዛ ሕይወቱ ያየው ነገር ነው።

የሕግ ተማሪ የሆነ ወንድማችን ነገሩን በአገራችን ሕግ መዝኖልናል። በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 36 ሌላውን ሰው አግባብቶም ይሁን በሌላ መንገድ ወንጀል እንዲሠራ ያነሣሣውን ሰው ወንጀለኛ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ኢያጎ አያመልጥም። ነገር ግን የአነሣሹ መቀጣት የፈጻሚውን ጥፋት አያጠበውም፤ እያንዳንዱ በየራሱ ይጠየቃል። በአንቀጽ 541 ደግሞ በከባድ መነሣሣት ወይም በኀይለኛ ስሜት ተይዞ የገደለ ሰው ቅጣቱ ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ይሆናል። የኦቴሎ ጠበቃ ወደዚህ አንቀጽ መሮጡ አይቀርም። ግን በ3ኛው ገቢር ተንበርክኮ የማለው መሐላ፥ የግድያውን መንገድ ከኢያጎ ጋር መምከሩ፥ በመጨረሻም መብራት ይዞ ወደ ተኛችው ሚስቱ ገብቶ ይህን የማደርገው ለፍትሕ ነው እያለ መናገሩ ይህን በር ይዘጉበታል። በስሜት የተያዘ ሰው እንዲህ አይናገርም። ኦቴሎ ራሱን ዳኛ አድርጎ ሾሞ ነበር፤ እኛም እንደ ዳኛ ልንጠይቀው ይገባል።

አንድ መቃወሚያ ግን በቀላሉ የምናልፈው አይደለም። ኦቴሎ በቬኒስ እንግዳ ነው። ብራባንስዮ በቤቱ ይጋብዘው ነበር፤ ልጁን ሲያገባ ግን ጠንቋይ አለው። በዚያው ሌሊትም አባቷን ያታለለች አንተንም ታታልላለች የሚል መርዝ ጆሮው ላይ ጥሎበት ሄደ፤ ኢያጎ ይህን ቃል አልረሳውም፥ በኋላ አንሥቶ ያስታውሰዋል። የአገሩን ሴቶች ጠባይ አንተ አታውቅም ሲለው ኦቴሎ መልስ የለውም፤ በእርግጥም አያውቅም። ከሰው አገር የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ራስህን ማመን ስታቆም ያገሩን ሰው ማመን ትጀምራለህ። ይህ ለኢያጎ መሣካት ትልቅ ምክንያት መሆኑን እንቀበላለን፤ የቬኒስንም ጥፋት አንክድም። ይሁን እንጂ ዴዝዴሞናም በቆጵሮስ እንግዳ ነበረች። አባቷን፥ አገሯን፥ ዘመዶቿን ትታ የመጣችው ወደ እርሱ ነው። በዚያች ደሴት ላይ ከእርሱ በቀር የምትጮኽበት ዳኛ አልነበራትም።

የኤሚልያም ነገር አለ። ኦቴሎ መሐረቡን ሲጠይቅ እዚያው ቆማ ነበር፤ የት እንደ ሄደ ታውቃለች፤ ዝም አለች። ክፋት በኢያጎ ጭንቅላት ብቻ እንዳልቆመ፥ በደግ ሰው ዝምታም እንደሚያልፍ ሼክስፒር ያሳየን በእርሷ ነው። ነገር ግን እውነቱ ሲገባት ባሏ ወደ ቤትሽ ሂጂ ቢላት እምቢ አለች፤ የመሐረቡን ነገር በሰው ሁሉ ፊት ተናገረች፤ በዚያውም በባሏ እጅ ሞተች። የጠራት የለም፤ ራሷ ቀርባ የመሰከረች ምስክር እርሷ ናት። ለእኛ የዚህ ድርሰት ጀግና ማን ነው ብትሉን ኤሚልያ ነች እንላለን።

ወደ ጓደኛችን ሰይጣን እንመለስ። እውነቱ ከተገለጠ በኋላ ኢያጎ ታስሮ ሲቀርብ ኦቴሎ ወደ እግሩ ይመለከታል፤ የሰይጣን ሰኰና ይኖረው እንደ ሆነ። ሰኰና የለም፤ እንደማንኛውም ሰው እግር ነው። ሰይጣን ከሆንህ አልገድልህም ብሎ በሰይፍ ይወጋዋል፤ ኢያጎም ደማሁ እንጂ አልሞትሁም ይላል። የደማው ሰው ስለ ሆነ ነው። ለምን ይህን አደረግህ ተብሎ ሲጠየቅም ከእንግዲህ አንዲት ቃል አልናገርም ብሎ አፉን ይዘጋል። መጠየቅን ሲያስቀር የኖረ ሰው በመጨረሻ ራሱም አልጠየቅም አለ፤ ከመድረኩ ሲወጣም ወደ ሥቃይ እየተነዳ ነው እንጂ እየመለሰ አይደለም።

ስለ ኦቴሎ የመጨረሻ ንግግር ኤልየት የተናገረው እውነትነት አለው፤ ብዙ የሚያምር ቃል ይናገራል፥ ከሐለብ ከተማ ስለ ገደለው ቱርክም ይተርካል፥ ስለ ዴዝዴሞና ግን ጥቂት ነው የሚለው። እኛ ግን ከዚያ ንግግር ይልቅ ቀደም ያለችውን አንዲት ቅጽበት እንመርጣለን። ዴዝዴሞና ልትሞት ስትል ኤሚልያ ማን ይህን አደረገብሽ ብላ ጠየቀቻት፤ ማንም አይደለም፥ እኔው ራሴ ነኝ አለችና ሞተች። በድርሰቱ ውስጥ ዴዝዴሞና ለኦቴሎ የሰጠችው ምስክርነት ሁለት ነው፤ በቬኒስ እውነቱን ተናግራ አዳነችው፥ በቆጵሮስ ሐሰት ተናግራ ልታድነው ሞከረች። ኦቴሎ መጀመሪያ በዚህ ቃል ይሸሸጋል፤ እኔ እንዳልሆንሁ ራሷ ስትናገር ሰምተሻል ይላል። በሩ ክፍት ነበር። ከዚያ ወዲያውኑ ቃሉን አጥፎ፥ ሟቿን ውሸታም እያለ እየሰደበ፥ የገደልኋት እኔ ነኝ አለ።